የግራ ትከሻዋ ሰማያዊ ቁራጭ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፦ ስህተቱ የኔ ነው። ኋላ ይግዛው «እኔ ነኝ የጀመርኩት» ሲል ሰምታችሁ እንዳትሸወዱ። ይግዛው ከኔ በረንዳ ቀጥሎ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ እጁ ደህና ነው፣ አፉ ግን ያልዋለበት ይውላል። ያቺን ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ በግራ ትከሻ ላይ መጀመሪያ ያሳረፍኳት እኔ አልማዜ ነኝ፤ ያሳረፍኳትም ተጠብቤ ሳይሆን ጨርቅ አበላሽቼ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን እኔም በቅጡ አላውቀውም። ሰምታችሁ ከገባችሁ ለኔም ንገሩኝ።

ጋምቤላ ገበያ ዳር፣ ማንጎው ሥር ካለችው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ካቆምኩ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰዉ ደገኛ ይለኛል። አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን የተወለድኩት እዚሁ አቦቦ ነው። ደጋ የሚሉትን አገር ያየሁት ሁለቴ ለለቅሶ ሄጄ ሲሆን፣ ሁለቴም በብርድ የራሴን ለቅሶ ልጨምርላቸው ነበር። ቁጡ ነሽም ይሉኛል። እውነት ነው፣ አልክድም። እስቲ እናንተ በዚህ ሙቀት የከሰል ካውያ ይዛችሁ ቀኑን ሙሉ ቁሙና ምን እንደምትሆኑ እንይ።

ያን ቀንም በቁጣ ላይ ነበርኩ። መጋቢት ነው፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሊያቀልጠው ደርሷል፤ ከይግዛው ጋር ደግሞ በረንዳችን መሐል ባለች አንዲት ክንድ ቦታ ተጣልተናል። ፊት ለፊቴ ያለው የኛቶክ ጨርቅ ነው። ኛቶክ ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ የኑዌር ሴት ናት፤ የልብ ወዳጄ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ቢጫ ጨርቅ አምጥታ «ለእሑድ አድርሺልኝ» ብላኛለች። እኔ እየተሳደብኩ ቆረጥኩ። ቆርጬ ስጨርስ የፊቱ ሁለት ክፍል ሁለቱም የቀኝ ሆነው ቁጭ አሉ። ጨርቁን አጥፎ መቁረጥ ማለት እኮ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው! እንደ ምንም አዟዙሬ ገጣጠምኩት፤ ግራ ትከሻው ላይ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ጎደለች። ቢጫ ጨርቅ አልተረፈም። ቅርጫቴ ውስጥ የነበረው የተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሰማያዊ። እሱን ደረብኩበት። ልጨርስ ስል መርፌው ተሰብሮ ታችኛው ስፌት ተጣመመ። ተውኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ኛቶክ ትከሻዋን እያየች።

«አዲስ አሠራር ነው» አልኳት። ውሸቴን! አሥራ ሰባት ዓመት የሰፋች ሴት ጨርቅ አበላሸሁ ትላለች እንዴ?

«ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ማንም የለውም» ብላ ለብሳው ሄደች። እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ ብዬ ረሳሁት።

ኛቶክ ዱዋል የሚባል ልጅ ነበራት። ነበራት ያልኩት ያኔ በሕይወት ይኑር አይኑር ስለማታውቅ ነው። ከአጎቶቹ ከብት ጋር ከድንበሩ ማዶ ተሻግሮ እያለ ጦርነቱ ተነሳና ስድስት ዓመት ድምፁ ጠፍቷል። ያንን ቢጫ ልብስ ከእሑድ አልፋ ለሥራም ትለብሰው ጀመር። ሰኔ ላይ አንድ መንገደኛ ከማዶ መጥቶ ባሮ ዳር ዓሣ ሲጠብስ ትከሻዋን አይቶ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለምንድን ነው ትምህርት ቤት ትከሻሽ ላይ የተሸከምሽው?» አላት። በሳቅ የተጀመረ ወሬ ነው፤ ከየት ነሽ፣ ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነሽ ሆነና «የዱዋል እናት ነኝ» ስትለው ሰውየው ዓሣውን ጣለ። እናቴ ጋምቤላ ናት የሚል ዱዋል ያውቃል! በሦስተኛው ወር ልጁ ከኢታንግ ሚኒባስ ላይ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ኛቶክ ዓሣዋን እንዳለ ትታ ስትሮጥ፣ እኔ ቁጡዋ ሴትዮ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሰኞ በረንዳዬ ላይ አምስት ሴቶች ቆመው አገኘሁ። አምስቱም ሰው የጠፋባቸው ናቸው፤ አንዷ ልጅ፣ አንዷ ባል፣ አንዷ ወንድም። አምስቱም ግራ ትከሻቸውን ያሳዩኛል። «እንደ ኛቶክ» ይላሉ። ልብሳቸው ደህና ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ደህናውን ልብስ ቀድጄ ሰማያዊ ልጣፍ! «ኧረ በሕግ!» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ሰፋሁላቸው። አሁን ደግሞ አንደኛዋ አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ።

«ይሄ ቀጥ ብሏል» አለች።

«እና?»

«የኛቶክ ታችኛው ጠማማ ነው።»

ቆሽቴ አረረ። በሕይወቴ አጣምሜ ስሰፋ ስንት ሰው ሰድቦኛል፤ ቀጥ አድርጌ ሰፍቼ ስሰደብ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ፈታሁትና አጣምሜ ሰፋሁት። ማጣመም ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ያንኑ ጥመት ደግሞ ማምጣት ከማቃናት ይብሳል።

ወሬው ሲዛመት የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አልማዜ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ ከጨርቁ ሥር የምታስገቢው ነገር አለ?» አሉኝ። ክታብ ማለታቸው ነው! መቀሱን አንስቼ አንዱን ልጣፍ ፊታቸው ፈታሁላቸው። ከሥሩ ምን አለ? ክር ነው ያለው። «ጨርቅ አንሶኝ ነው ፓስተር፣ ወላዲተ አምላክን!» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ለምን ያደርጉታል?» አሉ። «እኔስ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነበር» አልኩ።

ይግዛው መች ሊተኛ! ሴቶቹ ተሰልፈው ሲያይ እሱም ጀመረ። ግን ጉዱን ስሙ፤ ከፊት ለፊት ቆሞ አይቶ ስለቀዳ በቀኝ ትከሻ ላይ ሰፋው። አሥር ልብስ! ሴቶቹ አሥሩንም ጥለውበት ሄዱ። «ቀኝም ትከሻ ግራም ትከሻ፣ ምን ለያቸው?» እያለ ሲጮህ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያን ቀን ነው ነገሩ ጨርሶ የጠፋብኝ። የኔ ስህተት ልክ ሆነ፤ የኔን ስህተት ተሳስቶ የቀዳው ደግሞ ተሳሳተ ተባለ።

ሃያ ሴት ብጠይቅ ሃያ መልስ ነው። አንዷ «ሰማያዊው ባሮ ነው፤ ልጆቻችን በባሮ ስለሄዱ» ትላለች። ሌላዋ «ግራው በልብ በኩል ስለሆነ» ትላለች። ሦስተኛዋ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ሁሉም ስላደረጉት» ትላለች። እውነቱን ለመናገር የሦስተኛዋ መልስ ብቻ ነው አንጀቴ ውስጥ የገባው።

ከዚያ ኛባንግ መጣች።

ቅዳሜ ነበር። ከትየርኪዲ መጠለያ ነው የመጣችው፤ በኢታንግ በኩል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር። አማርኛዋን የለመደችው ከመጠለያው ጤና ጣቢያ ሠራተኞች ነው፤ ስለዚህ ሲያናግሯት ሐኪም ያናገሩ ይመስላል። ልጣፉን ስሰፋላት የጠፋባት ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ልጇ ናት፤ ኛኩዋኒ። ሲሸሹ ወንዝ ላይ ሰው በሰው ላይ ሲሆን እጇ ከእጇ ወጣ። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው፤ ዛሬ አሥራ ስድስት። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፣ ድምጿም አልተለወጠም። እኔን ግን አፌ አላስቻለኝ አለ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አልኳት። «ይሄ ጨርቅ ምንም የለበትም። ጨርቅ አንሶኝ ያደረግሁት ነው። ልጅ አያመጣም።»

ትቀየመኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፈገግ አለች።

«አውቃለሁ» አለች። «ኛቶክም ኋላ ገብቷት ነግራናለች። ጨርቁ ልጅ አያመጣም። ጨርቁ ሰው ያመጣል። ሰው አይቶ ይጠይቀኛል፣ ሲጠይቀኝ እናገራለሁ። ሳልጠየቅ ብናገር እብድ ይሉኛል።»

መኪናዬን አቆምኩ። እስቲ አስቡት! ማዶ ያለ መንገደኛ ሁሉ አሁን ያውቃል፤ ጋምቤላ ስትሄድ ግራ ትከሻዋ ላይ ሰማያዊ ያለባት ሴት ካየህ ሰው ትፈልጋለችና ማንን ብለህ ጠይቃት። ይህን ማን ደነገገው? ማንም። ስብሰባ አልተጠራ፣ ደብዳቤ አልተጻፈ። እኔ ከይግዛው ጋር ተጣልቼ ጨርቅ አበላሸሁ፣ አንድ መንገደኛ ሳቀ፣ ከዚያ ሕግ ሆነ። በዚያ ዓመት ሦስት ሰዎች በዚህ መንገድ ተገኝተዋል፤ እኔ የማውቃቸውን ብቻ ነው የምቆጥረው።

ከዚያ ወዲያ ኛባንግ በየቅዳሜው እየመጣች ከበረንዳዬ ጠርዝ ላይ፣ ግራ ትከሻዋን ወደ መንገዱ አዙራ ትቀመጥ ጀመር። ሰው ይቆማል፤ «ማሌ» ይላታል፣ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። «ማንን ነው?» ይላታል። «ኛኩዋኒን።» ያስባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። በአንድ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው ሲጠይቃት ቆጥሬያለሁ። ማታ ስትሄድ «አሥራ አንድ ሰው ስሟን ሰማ» አለችኝ ደስ ብሏት። እኔም ልጅቷን ሳላያት እንደ ራሴ ልጅ መጠበቅ ጀመርኩ።

እንግዲህ የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው። አፍሬም ቢሆን ልናገር።

ቤዛ የምትባል ደንበኛ አለችኝ፤ ከተማው ውስጥ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ። የእህቷ ሠርግ ደረሰና ስድስት ሚዜ ይዛ መጣች። ኛባንግ ያን ቀን አልነበረችም። ቤዛ የተሰቀለውን ልብስ አየችና «እትዬ አልማዜ፣ ይቺን ሰማያዊ ነገር ለኛም አድርጊልን፤ እንዴት ታምራለች!» አለች። «ይሄ ለሌላ ነገር ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደስ አለኝ! ስንት ዓመት ሰው አዲስ አበባ ካየው ሥዕል ጋር እየመጣ «እንዲህ አድርጊልኝ» ሲለኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን የኔን ነገር ቆንጆ ነው ሲሉት ጭንቅላቴ ዞረ። በሐር ጨርቅ አሳምሬ ሰፋሁላቸው። ጠማማዋንም ሳልረሳ።

ፎቶው በየስልኩ ዞረ። በወሩ ተማሪው፣ ሻይ ቤት ያለችው፣ ካናቴራ የለበሰው ጎረምሳ ሳይቀር ግራ ትከሻ ላይ ሰማያዊ! ይግዛው አሁን በትክክለኛው ትከሻ ሌት ተቀን ይሰፋል። ተሰፍቶ ያለቀም ከሌላ ከተማ መጥቶ በየሱቁ ተሰቀለ። ቤዛ ኮሌጅ ሳለች መምህሯ የሰው ልማድ እንደ ጉንፋን ከአንዱ ወደ አንዱ ይጋባል ብለው እንዳስተማሯት ነገረችኝ። «ጉንፋን ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በሳምንቱ ይለቅ ነበር» አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ኛባንግ ውላ ውላ ልትነሳ ስትል «ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

መንገዱን አየሁ። ከፊታችን ስድስት ሰባት ልጃገረዶች እየሳቁ ያልፋሉ፤ ስድስቱ ሰማያዊ አላቸው። መንገደኛ ማንን ይጠይቅ?

«አልማዜ፣ አትስፊላቸው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ጥፋቴን ስለማውቅ ነው መሰል፣ ደሜ ፈላ። «የጋምቤላ ትከሻ ሁሉ የኔ ነው እንዴ? እኔ ብተው ይግዛው አይሰፋም?» ብዬ ጮህኩባት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እሷ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

ከሰኞ ጀምሮ ለፋሽን የመጣውን ሁሉ መለስኩ። ይግዛውን ለመንኩት፤ እኔ! «አንቺ ከማን ፈቃድ ወስደሽ ጀመርሽው?» አለኝ። መንገድ ላይ አንዲት ተማሪ አስቁሜ «ይሄ እኮ ልጅ የጠፋባቸው እናቶች ምልክት ነው፤ አታፍሪም?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷም ኮስተር ብላ «እትዬ፣ ለሚዜዎቹ የሰፋሽው አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ይባላል፤ የተማሩት ከኔው ነው፣ ምን ልበላት?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኛባንግ ስትመጣ ይቅርታ ጠየቅኋትና መላ ያልኩትን ነገርኳት። «እንለውጠው፤ ለናንተ ቀይ ላድርግላችሁ፣ በቀኝ በኩል።» አሰበችበት። «ቀዩን ማዶ ማን ያውቀዋል?» አለች። «ሰማያዊውን ለማወቅ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው። ቀዩንም ሲያውቁት፣ እነዚህም ያውቁታል።» እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ቅዳሜ ቀረች። ኛቶክን ስጠይቃት «ተስፋ ቆርጣለች፤ ሰማያዊውንም ፈትታ ጥላዋለች» አለችኝ። እኔንም ሥራ አስጠላኝ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ አንድ ሰው ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ይዞ መጣ። ከማዶ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ አረብኛም ኑዌርኛም አማርኛም ይቀላቅላል። ስሙ ሙት ነው፤ ከብት ነጋዴ። ውሃ ሰጠሁት። ጠጣና በጣም ተናዶ መናገር ጀመረ።

«የናንተ ከተማ ሴቶች ምን ሆነዋል? ሰማያዊ ያላትን ጠይቅ ብለው ላኩኝ። ከጠዋት ጀምሬ ዘጠኝ ሴት ጠየቅሁ። ‹ማንን ትፈልጊያለሽ?› ስላት ትስቃለች። አንዷ ስልክ አውጥታ ቀረጸችኝ። ከዚህ በኋላ አልጠይቅም! ዚፑን ሥሪልኝና በስምንት ሰዓት መኪና ልሂድ።»

«ማንን ብለው ነው የላኩህ፣ ወንድሜ?»

«እናት። አንዲት ልጅ እኛ ሰፈር አለች፤ ያሳደጓት አሮጊት ሞቱባት። እናቷን ፈልግላት አሉኝ። ልጅቷ ስሟን እንጂ ሌላ አታውቅም። ኛኩዋኒ።»

እጄ መዘውሩ ላይ ቀረ። ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም፤ ይግዛው ሲነግረኝ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» ብቻ ነበር የምለው። ቦርሳውን እንደተከፈተ አሳቀፍኩት። በባጃጅ ባሮ ዳር ሄደን ኛቶክን ከነዓሣ ጩቤዋ ጫንኳት። እሷ መጠለያው ውስጥ ላሉ የኛባንግ ጎረቤቶች ደውላ፣ ኢታንግ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቂን አስባለቻት። የሙት መኪና በዚያው ነው የሚያልፈው። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን፤ ኛቶክ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች፣ እኔ አንዴ እስቃለሁ አንዴ አለቅሳለሁ፤ ሙት ያበድን ይመስለው ነበር።

ኛባንግ ቆማ ነበር። የግራ ትከሻዋ ላይ ሰማያዊው የለም፤ ክሩ የወጣበት ቀዳዳ ብቻ ይታያል። ሙት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። እኔም በትከሻዋ በኩል አንገቴን አሰገግሁ።

ልጅት ሣር ቤት ደጃፍ ላይ ቆማለች። ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ የሰው ቀሚስ የለበሰች። ደስታዬ እዚያው በረደ። አሥራ ሁለት ዓመት ብትሆን ነው፤ ምናልባትም አሥራ አንድ። ኛኩዋኒ የሚባል ስም ደግሞ እዚህ አገር ስንት አለ! ነጠላዬ ሥር በጣቴ ቆጠርኩ። አሥርና ስድስት አሥራ ስድስት ነው፣ ደጋግሜ ብቆጥረው አሥራ ስድስት ነው። ረሃብ ሰውን ያቀጭጫል ልበል? አራት ዓመት ያቀጭጫል እንዴ? ኛቶክን አየኋት፤ እሷም ገብቷታል። አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ኛባንግ ፎቶውን ብዙ አየችው። በጣቷ አስጠጋችው፣ አራቀችው። ሙት ይጠብቃል።

«አሁን ከማን ጋር ናት?» አለችው።

«ከኔ ሚስት ጋር። ግን እኛም ስምንት ልጅ አለን።»

«ማታ ታለቅሳለች?»

«ታለቅሳለች» አለ ሙት።

ኛባንግ ስልኩን መለሰችለት። «እሷ ናት» አለች። «ልጄ ናት።»

ሙት በሳቅና በእልልታ መሐል ያለ ድምፅ አወጣና ራሷን ይዞ ባረካት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚስቱ በፓጋክ ድንበር በኩል ይዛት እንድትመጣ ተቃጠሩ። ሹፌሩ ሲጠራው ሮጦ ገባ፤ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እጁን እያውለበለበ ሄደ። አቧራው እስኪወርድ ሦስታችንም ቆምን።

ልንገራት? ሳታውቅ ይሆን? ናፍቆት ዓይኗን ጋርዶት ይሆን? ነገ ልጅቷ ስትመጣና እውነቱ ሲገለጥ የሁለቱም ልብ ቢሰበር ጥፋቱ የማን ነው? የኔ አይደለም እንዴ? ሰውየውን እየጎተትኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«አልማዜ» አለችኝ ኛባንግ፤ «ስትመጣ የምትለብሰው ልብስ ትሰፊላታለሽ። የሰው ቀሚስ ነው የለበሰችው።»

«እሰፋለሁ እንጂ» አልኳት። «ግን ልኳን በምን ላውቅ? እንግዲህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቁመቷ…»

«የአሥራ ሁለት ስፊ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም፤ መኪናው የሄደበትን መንገድ ነው የምታየው።

«የኔንም» አለች፣ «አንዷ ‹ልጄ ናት› ብላልኝ ይሆናል።»